የወታደር ሚስት ግብር

የወይንሐረግ ባሏ ወታደር ነው፤ ያውም የስዊዘርላንድ ወታደር። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿ ይህን ሲሰሙ «እዚያም ጦር አለ እንዴ?» ይሏታል። ቸርነት እዚያው አድጎ ዜግነት ያገኘ ሰው ነው። በደመወዝ ተቀጥሮ ስለሚያገለግል ከሰኞ እስከ ዓርብ ዙሪክ አጠገብ ካምፕ ይውላል፤ ማታ እዚያው ዙሪክ፣ ሽሊረን በምትባል ከተማ በተከራያት ክፍል ያድራል። ቅዳሜና እሑድ ጄኔቫ፣ ለ ሊኞን በሚባል ሰፈር፣ ከሚስቱ ጋር ነው። እሷ ደግሞ እዚያው ጄኔቫ፣ ሰርቬት ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች።

እንግዲህ ባልና ሚስት ግብራቸውን የሚያስታውቁት በአንድ ላይ፣ ትዳራቸው ባለበት ካንቶን፣ ማለት ክፍለ ግዛት ነው። ይህ ለማንም ግልጽ ነው፤ ለግብር ቢሮዎቹ ግን አልሆነም። ዙሪክ ቸርነት የተከራያትን ክፍል አይቶ «ሰውየው የእኔ ነው» አለ። ጄኔቫ ደግሞ «እንግዲያው ተለያይታችኋል ማለት ነው» አለ። የወይንሐረግ ደሟ ፈላ። የመኖሪያ ፈቃዷን ያገኘችው በጋብቻዋ ነው፤ «ተለያይተዋል» የሚል ቃል ከግብር ቢሮ ወጥቶ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ከደረሰ ማን ይመልሰዋል?

የጋብቻ ወረቀቷን ይዛ ጄኔቫ ግብር ቢሮ ሄደች። የቸርነትን የባቡር ትኬቶች ይዛ ሄደች። «ሌላ ቀን ይመለሱ» ባሏት ቁጥር ተመለሰች፤ አለቃዋን ፈቃድ መጠየቅ እስኪያሳፍራት ድረስ። በመጨረሻ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ በሆዷ የያዘችውን አወጣችው።

«ማዳም፣ መልአኩ የሚባለው ሰው ማነው? ሰው ልከን ነበር፤ የፖስታ ሳጥንዎ ላይ ስሙ አለ።»

ኧረ ጉድ ነው! መልአኩ የቸርነት የልብ ጓደኛ ነው። ትዳሩ ፈርሶ ቤት ካጣ ወዲህ አንዱ ወዳጁ ጋ ዛሬ፣ ሌላው ጋ ነገ ያድራል። አድራሻ የሌለው ሰው ደግሞ በዚያ አገር ከሞተ አይሻልም። «ስሙን እኛ ሳጥን ላይ ለጥፊለት፣ ደብዳቤው ይምጣለት» ያላት ራሱ ቸርነት ነበር። በእኛ ዘንድ ለቸገረው ወዳጅ ይህ ምን ቁም ነገር አለው? ለእነሱ ግን የወንድ ስም ካለ ወንዱም አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ከቢሮው እንደወጣች የትራም ፌርማታው ላይ ቆማ ለቸርነት ደወለች።

«ሰማህ? ለካ ይህ ሁሉ በመልአኩ ስም ምክንያት ነው! በል አንተው ጻፍላቸው። ለጥፊለት ያልኳት እኔ ነኝ በላቸው።»

ቸርነት አልሳቀም። ይስቃል ብላ ጠብቃ ነበር።

«ቸርዬ?»

«እኔ የምልሽ...» አለ ቀስ ብሎ፣ «መልአኩ ማታ ማታ የት ነው የሚያድረው?»

ትራሙ መጥቶ ሄደ፤ እሷ አልተሳፈረችም። ስንት ወር ሙሉ በየመስኮቱ «ባሌ ነው፣ አብረን ነን» እያለች ስትሟገት የከረመችው ለማን ኖሯል? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። በዚያ ቅዳሜም «ተረኛ ነኝ» የሚል መልእክት ልኮ ቀረ።

በሳምንቱ የግብር ቢሮዋ ሴትዮ ራሷ ደወለች። ድምጿ እንደዚያን ቀን ለስልሶ አያውቅም። አለቆቿ ፋይሉን አይተውት ኖሯል፤ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ እሱን ከመለሰች ነገሩ ያልቃል።

«ማዳም፣ ከባለቤትዎ ጋር አብራችሁ ናችሁ?»

የወይንሐረግ አፏን ከፈተች። ያ ሁሉ ወር አፏ ላይ የነበረው መልስ አልወጣ አላት።