አየር የማታስመጣ ሴት

እትዬ ጠቅጥቀው በዚህ ዓለም ላይ ያላት ጠላት አንድ ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታ። ሻንጣ ውስጥ መሐረብ የሚያስገባ ክፍተት ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ቤቷ ውስጥ ድስት በድስት ውስጥ፣ ብርጭቆ በትንሹ ድስት ውስጥ፣ ማንኪያ በብርጭቆው ውስጥ ይኖራል። ባሏ ታክሲ ነጂ ነው። ጠዋት ጫማውን ሲያጠልቅ የእግሩ ጣቶች ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ።

«ጫማ ሌሊቱን ሙሉ ባዶውን ሲያድር አያሳዝንህም?» ትለዋለች።

ሰውየው ክርክሩን ድሮ ትቶታል። ሽንኩርቱን አራግፎ ይወጣል፤ ተሳፋሪዎቹ መስኮት ይከፍታሉ።

ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች መርከብ ታፈላልጋለች፣ የማጓጓዣ ዋጋ ትከራከራለች፣ ወደብ የደረሰውን ከጉምሩክ አስወጥታ እስከ ደጃቸው ታደርሳለች። ዕቃ ሲጫን አጠገቡ ከቆመች ከአፏ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ጠቅጥቀው!» ወዛደሮቹ ሌላ ስም እንዳላት ረሱ። የገዛ እናቷ እንኳ ስልክ ስትደውል «ጠቅጥቀው አለች?» ትላለች ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመርከብ ድርጅት ኮንቴይነር ሲያከራይ ሞላ አልሞላ ግድ የለውም፤ የሚያስከፍለው የሙሉውን ነው። ትንሹ ነጋዴ ግማሽ የማይሞላ ዕቃ ይገዛና የሙሉውን ከፍሎ ያስመጣል። ከዚያ ወጪውን ሸማቹ ላይ ይጭናል፤ ሸማቹም የሚጭንበት ሰው ስለሌለው ዘመኑን ይረግማል። እትዬ ጠቅጥቀው ይህን ስታይ ደሟ ይፈላል።

«አየር እኮ እዚህም ሞልቷል! ባሕር አሻግሮ፣ ኪራይ ከፍሎ አየር ማስመጣት ምን የሚሉት ጤንነት ነው?»

መላዋ ቀላል ነበር። ሁለት ግማሽ ነጋዴዎችን አገናኝቶ አንድ ኮንቴይነር ማስሞላት፣ ኪራዩን ማካፈል። ይህንኑ ለዓመታት ለአለቃዋ ነገረችው። አለቃዋ የትልቅ ማጓጓዣ ቢሮ ባለቤት ነው፤ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥና «አንቺ እኮ ልጄ ነሽ» ይላታል። ልጅነቷ ግን ደሞዝ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። አንድ ቀን አንጀቷ ቆረጠና ልወጣ ነው አለችው። አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ፣ «ሂጂ፣ ሞክሪው። ወንበርሽን አላነሳውም» አላት። ከስድብ ሁሉ ይህቺ አባባል አንገበገበቻት።

ከልብስ ሰፊ ጎረቤቷ ሱቅ ጥጉን ተከራየች። ጠረጴዛዋ በልብስ መለኪያው መጋረጃና በካውያው መሐል ገባ። ደንበኛ ስለ መርከብ ኪራይ ሲያማክራት ከመጋረጃው ጀርባ «ኧረ ወገቡ ጠበበኝ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እሷ ግን ጠበበ የሚለውን ቃል ስትሰማ ደስ ይላታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደንበኞቿ መብራት ሻጩና ብርድ ልብስ ሻጯ ሆኑ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ኮንቴይነር ዕቃ አላቸው፤ ሁለቱም ከአንድ አገር ያስመጣሉ። ችግሩ ወንድምና እህት መሆናቸው ነበር።

አባታቸው ያወረሷቸውን ሱቅ በግድግዳ ለሁለት ከፍለውታል። ግድግዳው ሲቆም ግን የእህትየው አምፖል ማብሪያ በወንድምየው በኩል ቀረ። ወንድምየው ማታ ሱቁን ሲዘጋ የለመደውን ማብሪያ ቀጭ ያደርጋል፤ እህትየው ከነደንበኛዋ ጨለማ ይውጣታል። ሰማያዊ ነው ብላ አረንጓዴ ብርድ ልብስ የሸጠችለት ሰው አንድ ሰፈር ይሞላል። እሷም በተራዋ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሶቿን በመብራቶቹ አቅጣጫ ታራግፋለች። «ጋሼ» ትለው የነበረውን ታላቅ ወንድሟን «ሰውዬው» ማለት ከጀመረች ቆየች። ማብሪያውን ማዛወር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው፤ ግን ማን ይጥራው? ቀድሞ የጠራ ተሸነፈ ማለት ነው።

እትዬ ጠቅጥቀው ይህን ሁሉ ታውቃለች። ለወንድምየው «አንዲት ጨዋ ነጋዴ አብራህ ትጭናለች» አለችው፤ ለእህትየውም «አንድ ጨዋ ነጋዴ አብሮሽ ይጭናል» አለቻት። ውሸት የለውም፤ ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ እርስ በርስ ካልተያዩ። ዕቃው ሲራገፍ አንዱን ጠዋት፣ አንዷን ከሰዓት ልትጠራ አስባ ነበር። ይሁንና ጭነቱን ባሕር ማዶ ላለው ጫኝ በስልክ ስታስረዳ ልማዷ መጣባት። መብራቶቹ ብርጭቆ ስለሆኑ ጫኙ የማሸጊያ ስፖንጅ እንገዛለን አላት። ስፖንጅ! ስፖንጅ ማለት እኮ ዋጋ የወጣበት አየር ነው!

«ብርድ ልብስ እያለ ስፖንጅ ምን ሊያደርግ?» አለች። «እያንዳንዱን መብራት በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ጠቅጥቀው!»

ይህን ያዘዘችው ጠዋትና ከሰዓት የሚለውን ዕቅዷን ረስታ ነው።

ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ የመርከብ ድርጅቱ ያለ ቅጣት የሚሰጣቸውን ነፃ ቀናት በላቸው። መጋዘኑ ግቢ የደረሰው በመጨረሻው ቀን ጠዋት ነው። ባዶው ዛሬውኑ፣ የመመለሻው ግቢ በር ሳይዘጋ ካልተመለሰ፣ ከነገ ጀምሮ የመርከብ ድርጅቱ በየቀኑ ይቀጣል። ቅጣቱ የሚቆረጠው ደግሞ እትዬ ጠቅጥቀው ለኮንቴይነሩ ዋስትና ካስያዘችው ገንዘብ ነው፤ ሌላ ገንዘብ የላትም። እሱ ከተበላ ጠረጴዛዋን ለልብስ ሰፊው አስረክባ አለቃዋ ወዳላነሳው ወንበር መመለስ ነው። ስለዚህ ምርጫ አልነበራትም፤ ሁለቱንም ጠራች።

በሩ ሲከፈት ከያንዳንዱ ብርድ ልብስ ሆድ አንድ መብራት ብቅ ብሎ ይታያል። ወንድምና እህት መጀመሪያ ዕቃውን አዩ፣ ቀጥለው ተያዩ።

«ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ መብራት ሻጩ።

«ሰውዬውን ማን ጠራው?» አለች ብርድ ልብስ ሻጯ።

«ጨዋው ነጋዴ እሱ ነው» አለች እትዬ ጠቅጥቀው ወደ መሬት እያየች። «ጨዋዋም እሷ ናት።»

ወንድምየው የእህቱ ወዛደሮች መብራቱን እንዳይነኩ ከለከለ። እህትየው የወንድሟ ወዛደሮች በዚያ እጃቸው ብርድ ልብሷን እንዳይነኩ ከለከለች። መብራቱ ሳይነካ ብርድ ልብሱ አይወጣም፤ ብርድ ልብሱ ሳይነካ መብራቱ አይወጣም። ወዛደሮቹ ከመኪናው ጥላ ሥር ተጋደሙ። የተሳቢው ሹፌር «እትዬ፣ አራግፌ ነው የማድረው ወይስ እንደጫንኩ?» ብሎ ጥሩምባውን ነፋው።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። በዚህ ከተማ ወሬ ከመርከብ ይፈጥናል። «ልጄ፣ ወንበርሽን ዛሬ አስወለወልኩት» አላት። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ኮንቴይነሩ ላይ ወጣች።

«ስሙ!» አለች። «ማንም የማንንም ዕቃ አይንካ። አንቺ ብርድ ልብስሽን ያዢ። ጋሼ፣ አንተ መብራትህን ሳብ። የየራሳችሁን!»

ለዚህ መከራከሪያ አልተገኘለትም። እህት ያዘች፣ ወንድም ሳበ፣ እትዬ ጠቅጥቀው እንደ አዋላጅ መሐል ቆመች።

«ቀስ! ያዢ! በርታ፣ ጭንቅላቱ መጣ!»

አንድ መብራት በሰላም ተገላገሉ። ወዛደሮቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው ከተጋደሙበት አጨበጨቡ።

«እንዳይቀደው ንገሪው» አለች እህት፣ አፍንጫዋ የወንድሟን ትከሻ ሊነካ ጥቂት ቀርቶት።

«እንዳይቀደው ትላለች» አለች እትዬ ጠቅጥቀው።

«አጥብቃ ትያዝ በያት።»

«አጥብቂ ይላል።»

እንዲህ እየተባለ በአስተርጓሚ ሠሩ። ፀሐይዋ ግን አስተርጓሚ አልጠበቀችም፤ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀመረች። እትዬ ጠቅጥቀው የቀረውን ክምር በዓይኗ ለካች። ያ የተወለወለ ወንበር ዓይኗ ላይ መጣ።

ያኔ ነው ከላይኛው ክምር አንድ ትልቅ ባለ ብዙ ክንድ መብራት ብርድ ልብሱን ጥሎ የተንሸራተተው።

«ጋሼ! ራስህን!» ብላ ጮኸች እህትየው። ብርድ ልብሷን ጥላ መብራቱን በደረቷ ተቀበለችው። አቧራ ላይ የወደቀውን ብርድ ልብስ ማንም አላየውም።

ወንድምየው መብራቱን ትቶ እጇን ያዘ። «ቆረጠሽ እንዴ? አሳዪኝ እስቲ።»

«ምንም አልሆንኩም። አንዱ ክንዱ ጠመመ እንጂ።»

«ገደል ይግባ ክንዱ!»

አስተርጓሚዋ ሥራ አጥታ ጣቶቿን ቆጠረች። ከዚያ ወንድምየው ዞሮ ወዛደሮቹን «ምን ተጋድማችኋል? ተነሡ፣ ሁላችሁም ሁሉንም ያዙ!» አላቸው።

ሥራው እንደ ቃጠሎ ተቀጣጠለ። እያወረዱም አፋቸው አላረፈም።

«ማብሪያውን እኮ ሆን ብዬ አይደለም፣ እረሳዋለሁ» አለ ወንድም።

«ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ግድግዳውን አንዴ ብትደበድቢው ምን ነበረበት?»

«አንተስ ላጥፋ ወይ ብትል?»

ኮንቴይነሩ ባዶ ሲሆን ሁለቱ አንድ ሆነው እትዬ ጠቅጥቀው ላይ ዘመቱ። አንቺ ተንኮለኛ፣ አንቺ አታላይ፣ ለምን አልነገርሽንም እያሉ በአንድ አፍ ወረዱባት። አንዱ የጀመረውን ስድብ ሌላው እየጨረሰ። እሷ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

«ለሚቀጥለው ስፖንጅ ግዢ!» አለ ወንድምየው በመጨረሻ።

«ስፖንጅ ለምን?» ብላ ተቆጣች እህትየው። «ብርድ ልብሴ ምን ጎደለው? መብራትህ አንድ እንኳ ተሰበረ?»

እትዬ ጠቅጥቀው ቀና አለች። «የሚቀጥለው» ተብሏል።

ሹፌሩ ባዶውን ኮንቴይነር ይዞ እየተንጓጓ ወጣ። እንደ ልማዷ ያን ሁሉ ባዶ ሆድ ስታይ መናደድ ነበረባት፤ ዛሬ ግን እስኪሰወር እጇን አውለበለበችለት። ቆይቶ ከመመለሻው ግቢ ደወለና «በሩ ሊዘጋ ሲል አፍንጫዬን አስገባሁ፤ ተረክበውኛል» አላት።

ጫማዋን እያጠለቀች ስልኩ ደግሞ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«እህሳ ልጄ? ወንበርሽ እየጠበቀሽ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣» አለች፣ «እስከ ዛሬ ባዶውን ነው እንዴ የተቀመጠው? ባዶ ነገር እንደማልወድ እያወቁ! በሉ ቶሎ ሰው ያስቀምጡበት።»