አባቴ የነቀለው እንሰት

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ መናኸሪያ አካባቢ ገበያ ውስጥ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ሲፈታ፣ ኮምጣጣው ሽታ ወደዚያ ዓመት መለሰኝ።

ከሰሜን የመጣው አባቴ በቆሎ ሊዘራ ብሎ የጓሯችንን እንሰት መንቀል ጀመረ። አብራን የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሲዳማዋ አክስቴ፣ ሮጣ ፊቱ ቆመች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ፍሬ እንኳ የለውም! ምን ያደርግልዎታል?» አላት።

«የምንበላው ግንዱን ነው፣ አንተ ሰውዬ! ደግሞ እኛ መች መረጥነው? ለጥንት አባቶቻችን የመረጠላቸው ይሄ አፈርና ይሄ ዝናብ ነው።»

ዝናብ እንዴት ምግብ ይመርጣል ብዬ ግራ ገባኝ። አክስቴ ግማሹን ከመነቀል አስጣለችው። የነቀለውንም ፍቃ፣ ቅጠል ባነጠፈችበት ጉድጓድ ቀበረችው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ፤ የተረፈው እንሰት ግን እንደለመለመ ቆመ፤ ቤት ውስጥ የሚቀመስ ጠፋ። አክስቴ ጉድጓዱን ስትከፍት አፍንጫዬን ያዝኩ።

«ይሄማ በስብሷል!» አለ አባቴ።

«ገና አሁን ደረሰ» ብላ ሳቀችበት። ጨምቃ፣ ነፍታ ጋገረችው፤ ከጎመን ጋር አቀረበችልን። አባቴ በላና ይድገሙኝ አለ። ፊደል ያልቆጠረችው አክስቴ ያንን ክፉ ዓመት አሻገረችን።

ዝናቡ ሲመለስ አባቴ፣ የት የት እንደሚሻል እሷን እየጠየቀ፣ ስድስት የእንሰት ችግኝ ተከለ።