የአጎቴ አራት ጣት

አጎቴ ለካምፒንግ የምንሄድበትን ተጎታች ቤት መኪናው ላይ ካሰረ በኋላ፣ ሁልጊዜ ተንበርክኮ በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ወፋፍራም ጣቶቹን ደራርቦ ያስገባ ነበር። አራቱም ከገቡ እንሄዳለን፤ ካልገቡ ማንም ንቅንቅ አይልም።

አንድ ሰመር ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚባል ከተማ ካለው ቤቱ ልንነሳ ስንል ሦስት ብቻ ገቡለት። ዕቃ አስወረደን፤ አሁንም ሦስት።

«ጋሼ፣ ሐይቁ እኮ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው» አልኩት።

«ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ደክሟል። የደከመ ላይ አይጫንም።»

እናቴ ደብል ሺፍት ሠርታ ስትገባ ቦርሳዋን የሚቀበላትም ይህንኑ እያለ ነበር።

ልጁ «ዳድ፣ ኮም ኦን!» ብሎ አለቀሰ። አጎቴ ግን እዚያው ደጁ ድራይቭዌይ ላይ ወንበሮቹን ዘርግቶ፣ ሥጋውን ጠብሶ፣ ሁለት ቀን ካምፕ አስደረገን። «ሐይቁስ?» ብለን ስንጨቀጭቀው የአትክልት ማጠጫውን ውኃ ለቀቀብን። ከዚያ በሁለቱም በኩል አዲስ ባሌስትራ በገዛ እጁ ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሐይቅ አየን፤ የማስታውሰው ግን ያንን ድራይቭዌይ ነው።

ዘንድሮ እሱን ከቀበርን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንወጣ ተነሳን። ተጎታች ቤቱን አሰርን። ሁሉም መኪና ውስጥ ገቡ፤ ጎማውን ማን እንደሚያየው የጠየቀ የለም። ወርጄ ተንበረከክሁና ጣቶቼን ደራርቤ አስገባሁ። አራቱም ገቡ፤ ከላያቸው ግን ክፍተት ተረፈ። ልኩ የእሱ ወፍራም ጣት ነበር።

እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ገባ ወይ?» አለችኝ።

«ገብቷል» አልኳት። መነሳት ግን አቃተኝ።