«መራዥ ነው በል» አሉኝ

ከወልድያ ስመለስ ሲሪንቃን እንዳለፍን የታጠቁ ሰዎች ከአውቶቡስ አወረዱኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልለመንሁም። መርሳ ወስደው ያስገቡኝ ትምህርት ቤት ነው። ወንበሮቹን አውጥተው ሰው ሞልተውበታል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ ማታ ማታ ነው። በቀን ክፍል የገባሁት ያኔ፣ ከኋላዬ ጠመንጃ ተደግኖ ነው። ላብና ሽንት ይሸታል። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመቷል። ያልተነካው ጥቁር ሰሌዳው ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወልድያ የሚያስተምር አንድ መምህር አመጡ። ቀጭን ነው፤ የመነጽሩ አንድ ወገን ተሰንጥቋል። ያመጣው ጠባቂ «ተጠንቀቁ፣ ይሄ በሽታ የሚሠራ ነው» ብሎ በሩን ዘጋው። ሰዉ ሁሉ ሸሸው። ያን ሰሞን ቧንቧ ተቋርጦ ሕዝቡ የወንዝ ውሃ ይጠጣል፤ ተቅማጥ ገብቶ ሕፃናት ይሞታሉ። ጥፋቱን የሚሸከም ሰው ይፈለግ ነበር።

«እውነት ነው?» አልሁት።

«ጋሼ፣ እኔ ውጭ አገር ሳለሁ ያጠናሁት ሽሪምፕ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ስባሪ ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ሣለው። ጣት የሚያህል፣ እግረ ብዙ፣ ጢማም ነገር። በባሕር ዳር አገሮች ያሉ ገበሬዎች እኛ ዶሮ እንደምናረባ እሱን በኩሬ ያረቡታል አለ። ቫይረስ ሲገባበት ቅርፊቱ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣና የኩሬው ሁሉ በጥቂት ቀን ያልቃል።

ከውርጌሳ የመጡ አንድ ሼህ ከጥጋቸው ሆነው አዩት። «የባሕር ነገር ሐላል ነው» አሉ። «ግን ወላሂ፣ እግሩ በዛ!»

«ለእኛ ለክርስቲያኖቹስ ሐላል ቢሉትም አይቀመስም» አልሁ። ሰው ሳቀ። ከገባሁ ወዲህ ሳቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

መምህሩ ሁለት ገንዳ ሣለ። በአንደኛው ላሉት ደህና ሽሪምፖች የታመመ ሥጋ በልክ ያበላቸዋል። በሁለተኛው ውሃውም መኖውም ያው ነው፤ በሽታው ብቻ የለበትም። ሁለቱን እያስተያየ በሽታው እንዴት እንደሚገድል፣ የትኛው ዘር እንደሚቋቋመው ይለያል።

ደሜ ፈላ። «ደህናውን እያወቅህ ታሳምማለህ? ታዲያ እዚህ ካጎሩን ሰዎች በምን ትሻላለህ?»

ጠመኔውን አስቀመጠ። «መግደሉን ገድያለሁ» አለ። «የገደልሁትን ግን አልደብቅም። ገንዳው ዝግ ነው፤ ውሃው ሳይታከም ጠብታ አይወጣም። የገበሬው ኩሬ እንዳያልቅ ነው፣ ጋሼ።»

አልወደድሁለትም። ዛሬም አልወድለትም። ግን አልዋሸኝም፤ ውሸት ስሰማ አውቃለሁ።

ጠባቂው ሥዕሉን አይቶ ኖሮ ከሰዓት በኋላ አለቃውን ይዞ መጣ። አለቃው እኔን ጠራኝና ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነ።

«ውሃ ውስጥ በሽታ ጨምሬአለሁ ሲል ሰምቼዋለሁ፣ መራዥ ነው፣ በል። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«እሱስ?»

«ምን አገባህ? ሕዝቡ ያውቅበታል።»

ሕዝቡ እንዴት እንደሚያውቅበት ገባኝ። ልጁን የቀበረ ሰው ያን ቪዲዮ ካየ ዳኛ አይጠብቅም። መምህሩም ገብቶታል፤ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ግን አልለመነኝም።

«እየቀዳ ነው?» አልሁ።

«እየቀዳ ነው። ተናገር!»

መምህሩ እግር ሥር የውሃ ጠርሙሱ ተቀምጧል። ከገባ ጀምሮ ያን ጠርሙስ የነካ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ሄጄ አነሳሁት፤ ስልኩ እያየኝ ጠጣሁ። ለብ ያለ፣ ደለል ደለል የሚል ውሃ ነው። ለሼሁ አቀበልሁ። «ቢስሚላህ» ብለው የቀረውን ጨለጡት።

ከዚያ ወደ ስልኩ ዞርሁ። «ይህ ሰው ውሃ አልመረዘም። ቧንቧውን ጠግኑ።»

አለቃው የጠባቂውን ጠመንጃ ነጥቆ በሰደፉ ትከሻዬን አለኝ። ክረምት ሲገባ አሁንም ይጠዘጥዘኛል። መምህሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ ተፈትቶ ወደ ማስተማሩ እንደተመለሰ ኋላ ሰማሁ። እኔ እዚያው ቆየሁ። ማሽላዬን ወፍ በላው።

ዛሬ «ይቅር በል» ይሉኛል፣ በተለይ ያልታሰሩት። ቂም የለኝም ብዬ አልዋሽም፤ አለኝ። ያ አለቃ የደንብ ልብሱን አውልቆ በገበያ ቀን ያገኘኛል። «ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?» ይላል፤ አሁን አንቱታ ለምዷል። እጁን ይዘረጋልኛል። የእኔን እጅ ጋቢዬ ውስጥ እንደያዝሁ አልፈዋለሁ። በሽታ ፈርቼ አይደለም።