ሲስተር ቀስታ እና የቋጠረው ውሃ

ሰዉ ሁሉ «ሲስተር ቀስታ» ይላታል። መርፌ ከማስገባቷ በፊት «ቀስታ፣ ቀስታ» ስለምትል የወጣላት ስም ነው፤ ለታካሚዋ ትበለው ለራሷ እጅ፣ እሷም አታውቀውም።

ክፍሏ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመጋረጃው ሾልካ ግድግዳው ላይ ስትወዛወዝ፣ ክፍሉ ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። በካንሰር ምክንያት ጡታቸው የወጣላቸው ሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ይመጣሉ። ቁስሉ ደህና ድኖ፣ ቆዳው ስር ግን ውሃ ይቋጥራል። ሲስተር በወፍራም መርፌ ትቀዳዋለች፤ ብርሃን ሲያርፍበት የቀጠነ ማር የሚመስል ፈሳሽ ነው። እሷ እየቀዳች ሴቶቹ ያወራሉ፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ባል፣ ስላዩት ሕልም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ እንደ ሰመመን አለፈ።

አንድ ቀን አዲሷ ቀዶ ሐኪም በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ሲስተር፣ ነገ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተሽ አንድ ነገር እይልኝ።»

«ምን ልታሳዪኝ ነው ዶክተር?»

«ጡቱ ሲወጣ በቆዳውና በደረቱ ጡንቻ መሃል ባዶ ቦታ ይቀራል። ውሃው የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ቦታውን ብንዘጋበትስ?»

በማግስቱ ሲስተር ቆማ አየች። ሐኪሟ ቆዳውን ከስር ከጡንቻው ጋር፣ ሰውነት ውስጥ በሚሟሟ ክር፣ እዚህም እዚያም ነካ ነካ እያደረገች ሰፋችው። ሥራው ረዘመ፤ ማደንዘዣ ሰጪው ሰዓቱን እያየ ተነፈሰ። ሲስተር ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ስንት ዓመት በመርፌ ጫፍ ብቻ ስትዳስሰው የኖረችውን ቦታ በዓይኗ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ሲዘጋ የተሰማት ደስታ ይሁን ሌላ አልለየላትም።

ወራት አለፉ። ዘጠኝና አስር የነበሩት የማክሰኞ ሴቶች ወደ ሁለትና ሦስት ወረዱ። ባሏ «እንግዲህ ሥራ ፈታሁ በያ!» ብሎ ቀለደባት።

«ሥራ የሚያስፈታኝ እንዲህ ያለው ይሁን» አለችው ከልቧ። ያም ሆኖ የሴቶቹ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይመላለስ ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ በአዲሱ መንገድ የተሠራላት አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ለምርመራ መጣች። ሲስተር በጣቶቿ ዳሰሰቻት።

«ውሃ የሚባል የለም። እስቲ ክንድሽን አንሺ። ይኸው! መሪ መጨበጥ ትችያለሽ። ሂጂ እቴ፣ ነፃ ነሽ።»

ሴትዮዋ ሸሚዟን ቆለፈች፤ ግን አልተነሳችም። «እዚህ ስትመላለስ የነበረች ጎረቤቴ ስለዚህ ክፍል ብዙ አውርታልኛለች። ትንሽ ብቀመጥ ይከፋሻል?»

ሲስተር ወንበሯን ወደ መስኮቱ ሳበች። ሾፌሯም ከታመመች ወዲህ ስለሚመላለስባት ሕልም ትነግራት ጀመር፤ አውቶቡሷን ባሕር ላይ ስትነዳ ታያለች።

«ተሳፋሪዎቹስ?»

«ተኝተዋል። አንድም የፈራ የለም።»

ሲስተር ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። የዚያን ቀን ሌላ ታካሚ አልመጣም።