ቁጣዬ እስኪበርድ

እኛ አገር ሰው ቆረበ ከተባለ ወይ ሕፃን ነው ወይ አርጅቷል። ሕፃኑ ኃጢአት አያውቅም፤ ሽማግሌው ደግሞ ኃጢአት የሚሠራበት ጉልበት አልቆበታል። መሐል ያለነው እናስቀድሳለን፣ እንጾማለን፣ ማኅበር እንጠጣለን፤ ቁርባኑ ዘንድ ሲደርስ ግን ዓይናችንን ወደ መሬት ሰብረን ለሌላው መንገድ እንለቃለን። ቆርቦ መሳሳት ሳይቆርቡ ከመሳሳት ይብሳል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ስለዚህ «ትንሽ ረጋ ልበልና» እንላለን። እኛ ከተማ መካነ ሰላም ላይ ደግሞ ሰው ቶሎ አይረጋም።

እኔማ ጭራሽ። ደርግ ወድቆ ንግድ ፈታ ሲል ከገበያው አጠገብ የናፍጣ ወፍጮ ተከልኩ። ሞተሩ ሲነሣ ጆሮ አይሰማምና መጮህ ሥራዬ ሆነ። ተራ የሚያፈርስ አለ፣ ጠጠር ያልተለቀመለት እህል ይዞ የሚመጣ አለ፣ ዱቄቱን አስቀምጦ ገበያ ዞሮ የሚመለስ አለ። ለሁሉም እጮኻለሁ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ጩኸቴ አይጠፋም ነበር። በከላላ መንገድ የሚመጡት ባላገሮች እንኳ ስድቤን ያውቁታል። «ዛሬ የተበላሸው ሞተሩ ነው ባለሞተሩ?» እያሉ ሴቶቹ ይሳለቁብኛል። ዱቄቴ የላመ ስለሆነ ግን ሌላ ወፍጮ አይሄዱም።

ሚስቴ እንደ እኔ አይደለችም። ድምፅዋን አታነሣም፤ አንድ ነገር ከያዘች ግን አትለቅም። እናቷ ቁርባንን «ለከርሞ፣ ለከርሞ» ሲሉ ኖረው፣ አንድ ቀን ከገበያ መልስ አሞኛል ብለው እንደተኙ በዚያው ቀሩ። ካህኑ ሲደርሱ አልፎ ነበር። የአርባቸው ተዝካር ወጥቶ እንግዳው ከተበተነ በኋላ፣ ሚስቴ ከጎረቤት የተዋሰችውን ሳህን እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ ለከርሞ አልልም። መቁረብ እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ቁረቢ። ማን ከለከለሽ?» አልኳት።

በማግስቱ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ደጁ ላይ ቁጭ አለች።

«‹ባልሽስ?› አሉኝ» አለች።

ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸውና አንዱ ቆርቦ ሌላው አይቀርም። ሁለቱም ንስሐ ገብተው አብረው ነው የሚቀርቡት። ይህን እኔም አውቀው ነበር፤ ልብ አላልኩትም እንጂ። የእሷ ቁርባን እኔ እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

«በዚህ አፌ?» አልኳት። «ጠዋት ሥጋ ወደሙ ተቀብዬ ከሰዓት የሰው እናት ልሳደብ? መጀመሪያ ቁጣዬን ልተው። እሱን ከተውኩ በኋላ በደስታ።»

«መቼ ነው የምትተወው?»

«ቶሎ ነዋ።»

ብትጨቀጭቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጭቅጭቅ መልስ አላጣም። እሷ ግን ዝም ብላ መጠበቅ ጀመረች።

ቶሎ ያልኩት የምሬን ነበር። የፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ አፌን ካልከፈትኩ አልሳደብም ብዬ ወፍጮ ቤት ውስጥ ላለመናገር ወሰንኩ። ተራ የደረሰውን በጣቴ እጠራለሁ፤ የተጣላውን በዓይኔ እለያያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ ጥርሱን ተነቅሎ ነው አሉ። ቀጥሎ ስለት አለበት ተባለ። አንዲት ሙስሊም እናት ግን ነገሩ ከልባቸው አሳዘናቸው። «ያረቢ! ይኸ እንኳ ደግ አይደለም። እሱ እንዲህ አልነበረም፣ አንድ ነገር ምላሱን ይዞት ነው» አሉና መዳፋቸውን ዘርግተው ለምላሴ ዱዓ አደረጉልኝ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ «አሚን» አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ እህል አፈሳለሁ።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ወጣት ሴት፣ የሌላዋ ማሽላ ተፈጭቶ ሳያልቅ ነጭ ጤፏን ወፍጮው አፍ ላይ ገለበጠችበት። የሁለቱም እህል ተበላሸ። የጾሙ ዝምታ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከአፌ ወጣ። ምን እንዳልኩ መድገም አልፈልግም፤ ልጅቷ አለቀሰች። ጩኸቴን ጨርሼ ትንፋሼን ስስብ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እኒያ እናት ብቻ በደስታ፣ «አልሃምዱሊላሂ! ተሻለው!» አሉ።

ማታ ለሚስቴ ስነግራት ዱዓው ላይ እስክታነባ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። እኔም ከዚያ በኋላ «ቶሎ» ማለቱን ተውኩ። ዓመቱ እንዲሁ አለፈ፣ ሌላውም ተከተለ።

ልቤ የቆረጠው አንድ እሑድ ነው። ትንሿ ልጃችን ገና ሕፃን ስለነበረች ሚስቴ እያቀፈች ታስቆርባት ነበር። እኔ ሁልጊዜ ከወንዶቹ በኩል ከኋላ ስለምቆም አይቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ሰው ገፍቶኝ ወደፊት ቀረብኩ። ልጅቷን ከፍ አድርጋ ያዘቻት፤ ካህኑ ሥጋውን ሰጧት፣ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል አቀበላት። ሚስቴ የልጅቷን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ጽዋው ከእሷ ከንፈር አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ለሌላ ሰው ድግስ እንደምታስተናግድ ሴት፣ ልጇን አብልታ ራሷ ሳትቀምስ ዞር አለች። ስታልፍ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ፈገግ ብላ ልጅቷን አሳየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ወፍጮውን ዘግቼ የነፍስ አባታችን ቤት ሄድኩ። ከከተማው ዳር ናቸው፤ እንደ ማንኛውም ገበሬ ያርሳሉ። ጥቅምት ነበርና ከቤታቸው በታች ያለው ገብስ ሊደርስ ተቃርቧል። ከደጃቸው ካለው መደብ ላይ አስቀመጡኝ፣ መስቀል ተሳለምኩ፣ ነገሬን ጀመርኩ።

«አባቴ፣ ሚስቴን እንቅፋት ሆንኩባት። ቁጣዬ አልለቅ አለኝ። ከባድ ቀኖና ስጡኝ፣ ገዳምም ውረድ ካሉኝ እወርዳለሁ፣ ብቻ ይኸን ነገር ከላዬ ላይ…»

አልጨረስኩም። እሳቸው እኔን ትተው ወደ ገብሱ ያያሉ። የጎረቤታቸው በሬ አጥሩን ጥሶ ገብቶ ከመሐሉ ቆሟል። ጎረቤታቸው ደረሳ ሰብስበው ቁርአን የሚያስተምሩ ሸህ ናቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከልጅነት ጀምሮ ነው የሚዋወቁት፣ ለቅሶና ሠርግ ላይ አንዱ ከሌላው አይቀርም፣ የሚጠራሩትም በአንቱታ ነው። የነፍስ አባቴ ዱላቸውን አንሥተው ቁልቁል ሮጡ። እንደዚያ መሮጥ የሚችሉ አይመስለኝም ነበር።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ፤ አንቱታው ቀረ። «ደረሳ ሰብስበህ ታስቀራለህ፣ በሬህን የምታስርበት ገመድ ታጣለህ?»

ሸሁም ከወዲያ ማዶ ብቅ አሉ። «አጥሩን ማን አፈረሰው? ያንተው በቅሎ አይደለችም ወይ? ደሞ ይጮህብኛል!»

ከዚያ በኋላ የተባለው ብዙ ነው። የበሬው አያት ሳይቀር ተነሣ። እኔ መደቡ ላይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መድኃኒት ፍለጋ መጥቼ ባለመድኃኒቱን በራሴው በሽታ ተይዘው አገኘኋቸው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው እንዲህ ከሆኑ እኔ ምን ልሆን ነው?

በሬው ወጣ። እሳቸው እያለከለኩ ተመለሱ፣ ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ወደ ማዘቅዘቁ ነበረች።

«ቆየኝ ልጄ» ብለው እንደገና ተነሡ።

የአሁኑ እርምጃቸው ቀስ ያለ ነው። ሸሁም ከበሬው ጋር ገና አልራቁም፤ አጥሩ ጋ ተገናኙ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

«ሸሆቹ፣ አፉ በሉኝ። በአፌ በደልኩዎ።»

«አፉ ብያለሁ አባ። በሬውም አጥፍቷል፣ እኔም አጥፍቻለሁ። አንቱም አፉ በሉኝ።»

«ይፍታዎ፣ አፉ ብያለሁ።»

ተጨባበጡ። ሸሁ የተጣሰውን አጥር ማቃናት ሲጀምሩ እሳቸውም ጥቂት እንጨት አቀበሉና ወደ እኔ መጡ።

«ነገ ቅዳሴ አለብኝ» አሉኝ፣ ነገሩ በዚህ ብቻ የሚገባኝ ይመስል።

«አባቴ፣ እርስዎም ይቆጣሉ እንዴ?»

«አላየኸኝም?» አሉና ሳቁ። «ስቀድስ አረጀሁ፤ ቁጣው አልለቀቀኝም። ብቻ ነገ ከመንበሩ ፊት ስለምቆም ዛሬ አብሬው አላድርም። ቅዳሴ ባይኖርብኝ ኖሮ እኔና ሸሆቹ እስከ ፋሲካ ተኮራርፈን ነበር።» ከዚያ ጉልበቴን በመስቀሉ ጫፍ መታ አደረጉኝ። «አንተ ቁጣህን ጨርሰህ ልትመጣ ነው የምትጠብቀው። ብቻህን እንዴት አድርገህ ነው የምትጨርሰው? አብሽር ልጄ፣ ከነቁጣህ ና። ሲመጣብህ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅበት አፉ በሉኝ በል። አሁን ይልቅ ያችን ሚስትህን አታስጠብቃት።»

ስንት ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት ኩንታል ከትከሻዬ የወረደ ያህል ቀለለኝ። ደግ ሰው እስክሆን መጠበቅ ያለብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚጠበቅብኝ መሄድና መታረቅ፣ መውደቅና መነሣት ነው፤ ይህን ደግሞ ቁጡ ሰውም ይችለዋል። ወደ ቤቴ ስወርድ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም አልኩ። ሰዉ ጠጥቶ ነው ብሎ ሳይጠረጥረኝ አልቀረም።

ቀኖናዬ ጾምና ስግደት ነበር፤ ከዚያ ሌላ ደግሞ የሰደብኳቸውን ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ። ሁሉንም አውቄ አልዘልቃቸውምና በገበያ ቀን ሞተሩን አጥፍቼ ከበሩ ላይ ቆምኩ። «በአፌ የበደልኳችሁ አፉ በሉኝ» አልኩ። መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዷ፣ «አፉ ብያለሁ፣ ግን የእኔን አስቀድምልኝ» አለች። «እኔንማ ከሷ በላይ ነው የሰደበኝ፣ የእኔ ይቅደም!» አለች ሌላዋ። ሳቁ ገበያው ድረስ ተሰማ። ያቺ ጤፏ የተበላሸባት ልጅ ግን አልሳቀችም። መጥታ እጄን ያዘችና «እኔ እኮ ያኔውኑ ትቸው ነበር፣ አንቱ ነዎት ፊትዎን የሚያዞሩብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አፍሬ ነው የማዞረው።

የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ቆረብን። ውርጩ ሜዳው ላይ እንደተጋገረ ነበር የወጣነው። የእሷ ተራ ሲደርስ አንገቴን አዙሬ ማየት አይገባኝም ነበር፣ ግን አየሁ። ከዚያ የቅዳሴ ጠበሉን ጠጥተን፣ አፋችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ሳንነጋገር ወደ ቤት ተመለስን። እሷ እንደገባች ተኛች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ተመቻችታ ስትተኛ አላየኋትም።

ይኸ እሑድ ነው። ማክሰኞ ተቆጣሁ።

ከከላላ በኩል የመጣች ሴት በደንብ ያልደረቀ ስንዴ አምጥታ ድንጋዩ ላይ ተጣበቀብኝ። ድሮ የምለውን ሁሉ አልኩ። ሴትዮዋ ዱቄቷን አህያዋ ላይ ጭና ሄደች። ሞተሩን ሳጠፋ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ያዩኛል። አንዷ ለጓደኛዋ «ይኸ ነው እንግዲህ ቆራቢው» ስትል ሰማኋት። ያ ሁሌ የፈራሁት ቃል ነው። ፀሐይዋን አየሁ፣ ወፍጮውን እንደተከፈተ ትቼ በሩጫ ወጣሁ።

ከከተማው ወጥታ ዳገቱን ልትጀምር ስትል ደረስኩባት። ዱቄት እንደለበስኩ ስሮጥ ስታየኝ አህያዋን አቆመች።

«ምን ረሳሁ?» አለችኝ።

«ምንም አልረሳሽም። አፉ በይኝ።»

«ለዚህ ነው ይኸ ሁሉ ሩጫ?»

«ለዚህ ነው።»

ትንሽ አስተዋለችኝ። «እህሉስ እርጥብ ነበር፣ እውነትህን ነው። አፉ ብያለሁ፣ አላህም አፉ ይበልህ። በል ሂድ፣ ወፍጮህን አትጣል» አለችና አህያዋን ነዳች።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል፤ የእኛ ከተማ ወሬ አህያ አይጠብቅም። ሚስቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጇን በጉልበቷ መሐል ጨብጣለች። ሽንኩርት ተከትፎ ተቀምጧል፣ እሳቱ አልነደደም። ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኗ ቀልቷል።

«ተሳድበሃል አሉ» አለች።

«ተሳድቤያለሁ። ተከትያት ሄጄ አፉ ብላኛለች።»

ምን እንደምትጠብቅ ገባኝ። «አላልኩሽም? እኔ ለዚህ አልሆንም፣ በቃኝ» የምላትን ቃል ነበር የምትጠብቀው። እኔ በቃኝ ካልኩ እሷም ትቀራለች፤ ከእናቷ ተዝካር ማግስት ወደነበርንበት እንመለሳለን። መጮህ እንጂ ሌላ ንግግር አልችልበትምና የመጣልኝን ጠየቅኳት።

«ነጠላዬ ለእሑድ ታጥቧል?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተኝ፣ ሁለቱም ነበር መሰለኝ።

«አልታጠበም» አለችኝ በመጨረሻ። «ነገ አጥብልሃለሁ።»