ከድጃ የደበቀችው ጠባሳ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የኦፕሬሽን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ አንድ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ከሰው የወጣ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሯል። «ስሙን አንብብና ላቦራቶሪ አስረክብ» አለችኝ። ብልቃጡን አዟዟርኩት። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።

«ስታዞረው ብትውል አይናገርም» አለችኝ። እዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

የሥራዬ ስም ፖርተር ነው። በሽተኛ ከዋርድ በስትሬቸር አመጣለሁ፣ ወደ ኦፕሬሽን ጠረጴዛ አዛውራለሁ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር እገፋለሁ፣ ናሙና አደርሳለሁ። በማዕረግ ከላይ ስፔሻሊስቱ አለ፤ ቀጥሎ ጠቅላላ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪው፣ ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። ከፖርተር በታች ያለው ወለሉ ነው።

ወደ አርባ ስጠጋ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲሠራ ውሎ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወዲያው ያንቀላፋል፤ ስለዚህ ቆሜ ተማርኩ። ያቺው የሳቀችብኝ ሲስተር አልማዝ መማሬን ስትሰማ ብልቃጡ ላይ ከእንግሊዝኛው ሥር በአማርኛ መጻፍ ጀመረች። የሰውየው ስም፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ ከየት እንደ ወጣ። ለምን እንደምትጽፍ አልነገረችኝም፤ እኔም አላመሰገንኳትም። ግን ማንበብን ያጠነከርኩት በእነዚያ ብልቃጦች ነው።

ሐኪም ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ። አብዛኛው የሚመጣው ለመሄድ ነው። ዶክተር ሕይወት የቀዶ ሐኪም ሆና ስትመጣም እንደዚያው መሰለችኝ። በመጀመሪያው ቀን «ጋሽ ሁሴን፣ እዚህ ስንት ዓመት ሠሩ?» አለችኝ። ሐኪም አንቱ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ስትሬቸሬን እየገፋሁ ሄድኩ።

ከድጃን ያወቅኋት በእሷ ጊዜ ነው። የቀወት ወረዳ ሴት ናት፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ታለማለች። ቀኝ ጡቷ ላይ ካንሰር ወጣባት። በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ካንሰሩ ብብቷ ውስጥም ገብቷል። አዲስ አበባ ተልካ ወራት የፈጀ ኬሞ ወሰደች። ስትመለስ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራ ነበር።

ጡቷ እንደሚወጣ ተወስኗል። ያልተወሰነው የብብቷ ጉዳይ ነበር። ብብት ውስጥ እኛ ንፍፊት የምንላቸው፣ ሲያብጡ በእጅ የሚታወቁ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ድሮ ካንሰር አንዴ ከገባባቸው ሁሉም ተጠርገው ይወጡ ነበር። ዶክተር ሕይወት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ስታስረዳት ስትሬቸሩን ይዤ ቆሜ ሰማሁ።

«ኬሞው ብብትሽ ውስጥ ያለውን ከገደለው ሁሉን መጥረግ አያስፈልግም። ሰማያዊ ቀለም በመርፌ እሰጥሻለሁ። ወንዙን ወደ ማሳ ስትለቂው መጀመሪያ የሚጠጣው ለቦዩ አፍ የቀረበው መደብ አይደል? ቀለሙም መጀመሪያ የሚደርስባቸው ዕጢዎች አሉ። እነሱን ለቅሜ አስመረምራለሁ። ንጹሕ ከሆኑ ሌሎቹን እተዋለሁ።»

«ካልሞተስ?»

«ካልሞተ እጠርጋለሁ። ያኔ ክንድሽ ሊያብጥ ይችላል። ሁሉም ላይ አይደርስም። ካበጠ ግን መቆፈርና መሸከም ይከብድሻል።»

«እኔ ካልቆፈርኩ ማን ይቆፍርልኛል?»

ዶክተሯ ብብቷን ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ። ደረቅ ያለ ዕብጠት አገኘች። አጠገቡ ጥቁር ጠባሳ አለ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት።

«ከልጅነቴ ነው። ንፍፊት ሲይዘኝ በጋለ ብረት ተኩሰውኝ።»

በእኛ ቆላ ያልተተኮሰ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ብሽሽቴ ላይ ሁለት አለኝ። ማንም ነገሬ አላለውም። ዶክተሯ ኬሞው አልሠራም ብላ ሁሉም እንዲጠረግ ወሰነች። ከድጃ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየው ጀመር።

የኦፕሬሽኑ ዕለት ጠዋት ነርሶቹ በሳሙና አሽተው አጠቧትና አመጣኋት። ከስትሬቸር ወደ ጠረጴዛ ስናዛውራት ጋውኑ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ዓይኔን ማዞር ነበረብኝ፤ ግን አየሁ። ጥቁር የነበረው ጠባሳ ቀልቷል። ዳሩ ገና አልደረቀም። ኩል ቀብታ አጥቁራው ኖሯል። የልጅነት ጠባሳ ምን እንደሚመስል በገላዬ አውቃለሁ፤ ይሄ የቅርብ ነው።

«ዶክተር» አልኩ፣ «ይቺ ሴት ተተኩሳለች። በቅርብ።»

ሲስተር አልማዝ ዞረች። «ደግሞ ምርመራ ጀመርክ ሁሴን? ሲሊንደሩን አምጣ።»

«ሲሊንደሩ የትም አይሄድም። ጠባሳውን እዩት።»

ከድጃ ተነስታ ተቀመጠች። የተናገረችው ለእኔ ነበር። «አንቱ አይደሉ እንዴ ኮሪደር ላይ ያን ሽማግሌ ‹እንደ ጥጃ ተተኩሰህ መጣህ፣ እዚያው የተኮሰህ ዘንድ ሂድ› ያሉት? ሰውየው እንባውን እየጠረገ ሲወጣ አየሁ እኮ። እኔስ ብናገር ወዴት ልትሰዱኝ ነበር?»

ብያለሁ። ለዓመታት ብያለሁ። በላዬ ያሉት ሁሉ ሲቆጡኝ ውለው እኔ የምቆጣው በሽተኛውን ብቻ ነበር።

ዶክተር ሕይወት ጓንቷን አወለቀች። በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላ ሐኪም ቢሆን በጩኸቱ ጣሪያው ይነሳ ነበር። እሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ከድጃ፣ የትም አልሰድሽም። መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ኬሞው ካለቀ በኋላ። የባሌ እህት ‹ሥሩ እንዳይቀር› ብላ ወሰደችኝ።»

«በምን ተኮሱሽ?»

«በጋለ ማጭድ።»

«እኔ ስጫነው አላመመሽም?»

«ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ነው።»

«ጥሩ ጥርስ አለሽ» አለች ዶክተሯ። ከድጃ ሳቀች። ከዚያ ዶክተሯ ወደ እኛ ዞረች። «የቆሰለ ብብት ውስጥ ንፍፊት ያብጣል። ይሄ ዕብጠት የካንሰሩ ይሁን የቃጠሎው አላውቅም። ሳላውቅ አልጠርገውም።»

«ዶክተር፣ ዕቃው ሁሉ ተዘርግቷል እኮ» አለች ሲስተር።

«ይታጠፍ። ተሳስቼ ጠባሳው ከልጅነት ነው ብዬ መዝገቡ ላይ ጽፌያለሁ። እሱንም አርመዋለሁ።»

ስፔሻሊስት ፖርተር ፊት ተሳስቻለሁ ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ቁስሉ በመድኃኒት እስኪሽር ሁለት ሳምንት ሰጠቻት፤ ኬሞ ካለቀ በኋላ ብዙ መዘግየት አይገባም ብላ ከዚያ አላሳለፈችም። በየሦስት ቀኑ ራሷ ታያት ነበር። ዕብጠቱ ሟሸሸ። በአልትራሳውንድ ታየ፣ በመርፌ ተወሰደ፣ ካንሰር አልተገኘበትም። ያም ሆኖ አላታለለቻትም። «መርፌ ሊስት ይችላል። ከሦስት ዕጢ ያነሰ ካገኘሁ እርግጠኛ ስለማልሆን እጠርጋለሁ። ትስማሚያለሽ?» ከድጃ ተስማማች፤ ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ጡቷ ወጣ። ብብቷ ውስጥ ሁለቱ ሰማያዊ ዕጢዎች ቶሎ ተገኙ። ሦስተኛው ጠፋ። ሰመመን ሰጪው ሰዓቱን አየ። ሲስተር አልማዝ ዶክተሯን አየች። መጥረግ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ማንም ለምን አይላትም። እሷ ግን ጎንበስ እንዳለች በጣቷ እየዳበሰች፣ ስቡን በስሱ እየገለጠች ቆየች። በመጨረሻ «ይኸው» አለች። ከጎኑ ጫፉ ሰማያዊ የሆነ ሌላም አገኘች። አራት ሆኑ።

ብልቃጡን ተቀበልኩ። ከድጃ፣ ቀኝ ብብት ይላል። ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው መኪና እኔው አደረስኩት፤ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም።

ውጤቱ ሳምንታት ፈጀ። አራቱም ንጹሕ ነበሩ። ዶክተር ሕይወት ለከድጃ ስትነግራት የጨረር ሕክምና እንደሚቀራት፣ አሁን የለም ማለት ዳግም አይመጣም ማለት እንዳልሆነም አብራ ነገረቻት። ከድጃ መዳኗን አልጠየቀችም። «እቆፍራለሁ ወይ?» አለች።

«ትቆፍሪያለሽ። ቀስ ብለሽ ጀምሪ።»

እኔ ከድጃን ይቅርታ አልጠየቅኋትም። አላውቅበትም። ስትሬቸሩን እስከ ዋርዱ በር ገፋሁላት፤ እሷም «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ዝም አሉ» አለችኝ።

ጡረታ ወጥቻለሁ። ለተተኩት ፖርተሮች፣ ለነርሶቹም የምለው ይኼ ነው። በሽተኛ ፊት አትቆጡ። የምትቆጡትም ሰው፣ ቆሞ የሚሰማውም በሽተኛ ይደብቃችኋል፤ ሐኪሙም በተደበቀ ነገር ላይ ይወስናል።